የኒሙ ጥላ ስንት ዲግሪ ነው

አዋሽ ሰባት ኪሎ
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ሰመራ ላለችው ለእህቴ ልጅ ለንጋትወርቅ፤

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ውሃ ከቦኖው ራሴ እቀዳለሁ። ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያው በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከዘራ ብይዝም ለውሻ ነው። መርፌ ውስጥም ክር አስገባለሁ፣ ብርሃኑ ደህና ከሆነ። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ልመካ ብዬ አይደለም። «እማዬን ተቀብለው ማኖር ይችላሉ ወይ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። አጎት እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ይሁን፣ መልሱ ይኸው።

ሰላምታዬን ዘነጋሁ። እግዚአብሔር አንቺንም እናትሽንም ውሎ ማደሩን ያሳምርላችሁ፤ ያንን የሰመራን ነፋስ ያብርድላችሁ። እኔ በሱ ቸርነት አለሁ።

«ስልክ ቢገዙ» ትያለሽ። በስልክ ሰው ሁሉ ዳቦ ጎርሶ የሚያወራ ይመስላል። ጆሮዬ ምንም አልሆነም፣ ስልኩ ነው። ሾፌሩ ቻላቸው ከባድ መኪናውን ይዞ በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ ጠረፍ፣ ወደ ገላፊ ሲወርድ ደጄ ላይ ይቆማል፣ ሲመለስም ይቆማል፤ ደብዳቤ ለማድረስ ከሱ የተሻለ የለም። ፊደሉ ከተጣመመብሽ ታገሺኝ። የቆጠርኩት በማታ መሠረተ ትምህርት ነው፣ ቀን ሐዲድ ስጠግን እየዋልኩ።

አሁን ወደ እናትሽ፣ ወደ ሠርካዲስ። ልቧ ደክሟል፣ ሐኪሙም የሰመራን ሰኔ አትችለውም ብሏል አልሽኝ። እንግዲያው ወደ እኔ ትምጣ። አዋሽም ቆላ ነው፣ ግን ከሰመራ ከፍ ይላል፣ ከገደሉ በኩልም ነፋስ አያጣም። ግቢዬ ውስጥ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የተከለችው የኒም ዛፍ አለ፤ ጥላው ድግስ ያስደግሳል። ፍሪጅ የለኝም፣ አልፈልግምም። የውሃ ጄሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ቅርንጫፉ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ጥርስ የሚያሳምም ውሃ እጠጣለሁ። ቤቱ ውስጥ ሁለት አልጋ አለ። በአንዱ ላይ ሰው አይተኛም።

ለራሴ ብዬ እንዳይመስልሽ። ለሷ ብዬ ነው።

አጎትሽ ቢሰጥ


ሰመራ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ቢሰጥ፤

ጤናዎን አምላክ ያብዛልዎ፣ ከደጅዎም ሰላም አይጥፋ። ደብዳቤዎን ለእማዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳቀች። የከዘራውን ስትሰማ «አይ ቢሰጥ! ውሻው ራሱ እኮ ሞቶ ይሆናል» አለች።

ጋሼ፣ የጠየቅሁዎት ንቄዎት አይደለም። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኛል። ቀን በጥላ ሥር ከሠላሳ አምስት ዲግሪ የማያልፍ ቦታ ከሆነ ትቀመጥ፣ ካለፈ ግን ለልቧ አደጋ ነው ብሏል። እኔ የተከራየሁት ቤት ቆርቆሮ ነው፤ መብራት ሲጠፋና ማራገቢያው ሲቆም እኔንም ያስጨንቀኛል። ደሴ ወንድሜ ኡራኤል ጋ ልላካት ብል እሷ አሻፈረኝ አለች። «ደሴ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የማንን ደጅ ልመለከት ነው? ወንድሜ ጋ ነው የምሄደው» ትላለች። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ እኔ ቀኑን ሙሉ ሳስተምር ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ብቻዋን ነው የምትውለው። እርስዎ ጋ ብትሆን እኔም ደስ ይለኛል። ግን በወሬ መወሰን ፈራሁ። በስልክ የሚታየው የአየር ሁኔታም የከተማውን እንጂ የእርስዎን ጥላ አያውቅም።

ስለዚህ በቻላቸው እጅ አንድ ካርቶን ልኬያለሁ። ውስጡ ሁለት ዕቃ አለ። ትልቁ ቁጥር የሚታይበት ነው፣ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ትንሹ ነጭ ዕቃ ሰንሰር ይባላል፤ ውጭ ይሰቀልና ሙቀቱን ያለ ሽቦ ለትልቁ ይልካል። ቦታውን ይጠንቀቁልኝ። ፀሐይ አይንካው፣ ነፋስ ያግኘው፣ ከመሬት የደረት ቁመት ያህል ከፍ ይበል፣ ከቤቱም ብዙ አይራቅ። ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ ወረቀት የሰሜን ግድግዳ ይመርጣል። ከዚያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያዩትን ቁጥር ይጻፉልኝ። ከሠላሳ አምስት በታች ከሆነ በግንቦት መጨረሻ እልካታለሁ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።
ንጋትወርቅ


አዋሽ ሰባት ኪሎ
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለንጋትወርቅ፤

የሰው ፊት አያሳይሽ። ለእናትሽ ውሻው አልሞተም በያት።

ዕቃው ደርሶኛል። ትልቋን መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት፤ እናቲቱ ብያታለሁ፣ ትንሹን ደግሞ ልጇ። «ያለ ሽቦ ይልካል» ስላልሽ ልጁን እንደ አንቴና ጣሪያው ላይ አወጣሁት። ራዲዮም ቴሌቪዥንም እዚህ አገር ከፍ ሲል ነው የሚይዘው። መሰላል ላይ ወጥቼ ራሴ ነው ያሰርኩት። ሃምሳ ስድስት አለ። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴ ዩሱፍ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጋሽ ቢሰጥ፣ ወላሂ እንቁላል ይስበሩበትና ቁርስ ይጥሩን!» አለኝ።

«ወሬህን ተውና መሰላሉን ያዝልኝ» አልኩት።

አወረድኩት። አላፊ አግዳሚው እንዳያነሳው ብዬ ደግሞ የድሮ የመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ ከትቼ ግድግዳው ሥር አኖርኩት። እናቲቱ ሰረዝ ሰረዝ ብቻ ማሳየት ጀመረች። ባትሪው አልቋል ብዬ አዲስ ገዝቼ ጨመርኩ፣ ያው ሰረዝ። ባትሪ ግን እንዳትልኪ። ባትሪ አላጣሁም።

በሦስተኛው አንቺ ያልሽውን የሰሜን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ሃምሳ አንድ። ንጋት፣ ያንን ወረቀት የጻፈው ሰው አዋሽ ውሎ አያውቅም። እኔ ዕድሜዬን ሐዲድ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ከሚያዝያ ወዲህ ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትዞረው፤ ከሰዓት በኋላ ያንን ግድግዳ ትጠብሰዋለች። ጥላ የሚሆነው የደቡቡ ነው። አጎትሽን ብትጠይቂ እነግርሽ ነበር።

ቁጥሩን አይተሽ ሐሳብሽን እንዳትቀይሪ። ጥፋቱ የአሰቃቀሉ እንጂ የአዋሽ አይደለም።

አጎትሽ ቢሰጥ


ሰመራ
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ከመሰላሉ በደህና ያወረደዎ አምላክ ይመስገን። ሁለተኛ እንዳይወጡበት ግን እለምንዎታለሁ።

የፀሐይዋን ነገር እውነትዎን ነው። ወረቀቱ ለሌላ አገር የተጻፈ ነው፣ እኔም ሳላስብ ገለበጥኩት። እማዬ «ወንድሜን ልታስተምሪው?» እያለች መሳቂያ አድርጋኛለች። ሳጥኑ ግን ብረት ስለሆነ ነው ያፈነው፤ ብረት ውስጥ ከገባ መልእክቱ አይወጣም፣ ባትሪው ጥፋት የለበትም። የቤትዎ ግድግዳም ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በመስኮቱ በኩል እንዲተያዩ ያድርጓቸው።

ግድግዳውን ይተዉትና ኒሙ ላይ ይስቀሉት። ከግንዱ ራቅ ባለ ቅርንጫፍ፣ በደረት ቁመት፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት። ጠዋትም ከሰዓትም ጥላው እንደማይለቀው ይዩልኝ።

እዚህ ትናንት አርባ ሦስት ነበር። መብራትም የለም። እማዬ ወለሉ ላይ ውሃ ረጭታ ሰሌን ላይ ትተኛለች። «እንዴት ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ» ነው መልሷ፣ ሌላ የላትም። ሻንጣዋን ዘግታ በሩ ሥር አቁማዋለች፤ ነጠላ በፈለገች ቁጥር ከፍታ መልሳ ትዘጋዋለች። ኡራኤል ደግሞ በየቀኑ እየደወለ «ምን ትጠብቂያለሽ? ወደ እኔ አምጫት» ይለኛል።

ጋሼ፣ ቶሎ ይጻፉልኝ።
ንጋትወርቅ


አዋሽ ሰባት ኪሎ
ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለንጋትወርቅ፤ ደስታ ደጅሽን አይጣው።

ሃያ ስምንት!

በዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ባንቺው ሰዓት። በማግስቱም ሃያ ስምንት፣ ከዚያ ሃያ ዘጠኝ። ዩሱፍን ጠርቼ አሳየሁት። ሸሚዙን ገልቦ ላቡን እየጠረገ «ጋሽ ቢሰጥ፣ ይሄ ነገር የደብረ ብርሃንን ነው የሚያነበው» አለኝ። «አንተ ባጃጅ ውስጥ ተቀቅለህ ስለምትውል ነው» ብዬ መለስኩት።

እንዳልሽው ኒሙ ላይ ነው የሰቀልኩት፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ከጄሪካኑ ጎን። እንደገና እንዳይግልብኝም ለውሃው የማደርገውን አድርጌለታለሁ። አሁን ነው አደብ የገዛው።

እንግዲህ ምን ቀረሽ? ሐኪሙ ሠላሳ አምስት ካለ እኔ ሰባት አትርፌለታለሁ። የአልጋዋን ጠፍር በአዲስ ለውጬዋለሁ። ቀን ቀን ጥላው ሥር የምትቀመጥበትን መደብ ከፍ አድርጌ መርጌዋለሁ። ክትፎ አትወድም፣ ምስር ትወዳለች፤ አልረሳሁም። ላኪያት።

አጎትሽ ቢሰጥ


ሰመራ
ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ቁጥሩን ሳነብ ዕንባዬ መጣ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እማዬ ከኋላው ናት። ማክሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ትነሳለች፤ አውቶቡሶቹ ለምሳ የሚቆሙበት ሆቴል ጋ ይጠብቋት። መድኃኒቷ በሻንጣው የጎን ኪስ ነው፣ ጠዋትና ማታ። ጨው አይብዛባት። በቀትር ከጥላው አትውጣ። እሷ ደከመኝ አትልም፣ ስለዚህ ፊቷን ይዩላት።

ኡራኤል አሁንም ያጉረመርማል። «አዋሽ በግንቦት ሃያ ስምንት? ማን አየው?» ይላል። «ጋሼ በዓይኑ አይቶ ጽፎልኛል» አልኩት።

ንጋትወርቅ


አዋሽ ሰባት ኪሎ
ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለንጋትወርቅ፤

እናትሽን የሰጠሽኝ ልጅ፣ ወልደሽ ሳሚ። ደህና ናት።

ከሚኒባሱ ስትወርድ ሰላም ሳትለኝ «ቢሰጥ፣ አጠርክሳ!» አለች። «ዓይንሽ ነው የደከመ» አልኳት። እዚያው መንገድ ላይ ተቃቅፈን ስንላቀስ የሆቴሉ አስተናጋጅ ሰው የሞተብን መስሎት ውሃ አመጣልን።

ሽሮዬን ቀምሳ «ይሄ ሽሮ ነው የግድግዳ ቀለም?» ብላ ከምድጃው አባራኛለች። ፀሐይ ጋብ ሲል ወደ ጣቢያው በኩል ቀስ እያልን እንሄዳለን። ሐዲዱ ላይ ቁጭ ብላ የአባታችንን ነገር ታወራለች፤ እኔ የማላስታውሰውን ሁሉ ታስታውሳለች፣ ግማሹን የፈጠረችው ይመስለኛል። ጠዋት ስነቃ ከጎን አልጋ ሰው ሲያስል እሰማለሁ። የሰው ሳል እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ጻፍልኝ» ብላ ይህን አስይዛኛለች። «ንጋት፣ አታስቢ። ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ጥላውም ጥሩ ነው። ክረምቱን እዚሁ ነኝ።»

ቁጥሩ ዛሬም ሃያ ዘጠኝ ነው። ቀን ቀን ትንሽ ታልባታለች፤ የመንገዱ ድካም አልወጣላትም።

አጎትሽ ቢሰጥ


ደሴ
ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

እማዬ ተርፋለች። ከሁሉ በፊት ይህን ይወቁ። አሁን ኡራኤል ቤት ተኝታለች። ሐኪሙ ሁለተኛ ወደ ቆላ እንዳትወርድ ብሏል፣ ወደ ሰመራም ወደ አዋሽም።

ዩሱፍ «ወድቃለች» ብሎ ደውሎልኝ ስደርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ግሉኮስ ተሰክቶላት ነበር። ልብሷን ልወስድ ወደ ግቢዎ ስገባ ኒሙ ላይ ሁለት እርጥብ ጆንያ አየሁ፣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ። ትንሹን ፈታሁት። ሰንሰሩን አድርቄ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ መልሼ ሰቀልኩትና መስኮቱ ጋ ቆሜ ጠበቅሁ። ሠላሳ አንድ አለ። ሠላሳ አምስትን አለፈ። አርባ ላይ ሲደርስ ማየቱን ተውኩት። እርስዎ አልጋው ላይ ጀርባዎን ሰጥተውኝ ተቀምጠው ነበር። ወደ ደሴ የሚወስደን መኪና ከደጅዎ ሲነሳ ከቤት አልወጡም። እማዬ ከተማው እስኪያልቅ ወደ ኋላ ዞራ አየች።

ልወቅስዎ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ከዚያ የግንቦቱን ደብዳቤዎን አውጥቼ አነበብኩት። «ለውሃው የማደርገውን አድርጌለታለሁ» ይላል። ለውሃው ምን እንደሚያደርጉም በመጋቢት ጽፈውልኛል። ሁለቱንም አንብቤያለሁ ጋሼ። «ምን አደረጉለት?» ብዬ አንዲት መስመር ብጽፍ ይበቃ ነበር። ሃያ ስምንትን ስለፈለግሁት አልጻፍኩም። ኡራኤል «ማን አየው?» ያለውን ዛሬም ይደግምልኛል።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ያውቁ ነበር?

ንጋትወርቅ


አዋሽ ሰባት ኪሎ
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለንጋትወርቅ፤

እናትሽን ያተረፈ አምላክ ክብሩ ይስፋ። አንቺንም ከቂም ይሰውርሽ፤ ቢይዝሽም አልፈርድብሽም።

መልሴ የዘገየው ቻላቸው ጠፍቶ አይደለም። በመጣ ቁጥር ቆሟል፣ እኔ ነኝ «የለም» እያልኩ የመለስኩት። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ልጅቷ ትጠይቀኛለች፣ ምን ልበላት?» ሲለኝ ጮህኩበት።

ያውቁ ነበር ወይ አልሽኝ። ጆንያውን ሳለብሰው ክፉ አላሰብኩም። ጣሪያ ላይ ሲነድ፣ ግድግዳ ላይ ሲነድ ከርሞ አሳዘነኝ። ቆላ ውስጥ የጋለ ነገር ሲያጋጥመን የምናውቀው እሱን ነው፤ ማንም ሾፌር ጄሪካኑን እንዲያ አድርጎ ነው መኪናው ጎን የሚያስረው። እስከዚህ ድረስ ያለው እውነት ነው። ሃያ ስምንት ሲል ግን፣ ንጋት፣ ያ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን ሙሉ የጠጣሁት ነው። ዩሱፍ ላቡን እያሳየኝ አፌዝኩበት። አላወቅሁም ብልሽ ውሸት ይሆናል። አውቄ ነው እንዳልልም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። መጠየቁን ነው የሸሸሁት።

እናትሽም አይታዋለች። በመጣች ሰሞን ኒሙ ሥር ቆማ «ቢሰጥ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው የተጠመጠመው? አሞታል?» አለችኝ።

«እንዳይግል ነው።»

ጆንያውን ዳሰሰችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «ንጋት ታውቃለች?» አለች።

«ጽፌላታለሁ።»

«እንግዲያው ተወው» አለች። «ከፈታኸው ይወስዱኛል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ውሃ የምታጠጣው እሷ ሆነች። ይህን የምነግርሽ ጥፋቱን ለሷ ላካፍል ብዬ አይደለም። ታላቅ እኔ ነኝ፤ መፍታት የነበረብኝ እኔ ነኝ። የወደቀችም እዚያው ጥላው ሥር ነው፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ እኔን እየሰደበች። ሙቀቱን አንድ ቀን አማርራ አልሰማኋትም። ፊቷን ይዩላት ብለሽኝ ነበር። አይቼዋለሁ፤ ፊቷ ደስ ብሎት ነበር፣ ከዚያ ሌላ ማየት አልፈለግሁም።

ልጁን አሁን በደንብ አስቀምጬዋለሁ። ከኒሙ ሥር የእንጨት ምሰሶ ተክዬ በደረቴ ልክ አሰርኩት። ከላዩ ቅጠል አልፎ የሚመጣ ፀሐይ እንዳይነካው ነጭ ቀለም የቀባሁት ጣውላ አለው፤ በአራቱም ጎን ነፋስ ያገኛል፣ በመስኮቱም እናቱን ያያል። ትናንት ሠላሳ ዘጠኝ አለ። ዛሬ ዝናብ ጥሎ ሠላሳ አራት። የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ግን በዘጠኝ ሰዓት አያለሁ።

ያለብኝን ዕዳ ራሴ ነው የምከፍለው፣ አንቺም ወንድምሽም እጃችሁን እንዳታስገቡ። ዩሱፍ እናትሽን አቅፎ ባጃጁ ላይ አውጥቷታል፤ ሒሳቡን ልስጥህ ስለው «አላህን ይፍሩ» ብሎ ተቆጣኝ። የባጃጁ ሸራ ተቀዷል፣ በእጄ እሰፋለታለሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ወንበሯን ለኔ ለቃ እሷ ቆማ ዋለች፤ በርጩማ ጠርቤ እወስድላታለሁ። ቻላቸውን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ እዚያው የጮህኩበት ቦታ ላይ፣ ሰው እየሰማ። ኡራኤል ልክ ነበር፤ ይህንን ከአፌ ይሰማል። ላንቺ እውነተኛውን ቃል ነበር ያለብኝ፣ እሱን ዛሬ ጻፍኩት። ለሠርካዲስ ደግሞ አንድ ስንብት አለብኝ። ዝናቡ ጋብ ሲል በባቲ በኩል በአውቶቡስ ወጥቼ፣ ፊቷን እያየሁ፣ ደህና ሁኚ እላታለሁ። እሱን በደብዳቤ አልከፍለውም።

አጎትሽ ቢሰጥ